ሦስት ዓመት ከአንድ ቦታ ያልተነሳ ህመም

ካፒቴኑ እንበለው። ስሙ ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልገንም። እንግሊዛዊ የጦር መኮንን ነው፣ ዕድሜው 42። ነገሩ የሆነው ሎንዶን ውስጥ በ1887 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኛ ጋ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ገና በምትቆረቆርበት ሰሞን መሆኑ ነው።

ያኔ ራጅ የለም። ኤምአርአይማ ጭራሽ። በመርፌ ከወገብ ፈሳሽ ቀድቶ መመርመር እንኳ ገና አልታወቀም። በዚህ ባዶ እጅ ሁለት ሐኪሞች ቀርበው "ይህ ሰው አከርካሪው ውስጥ፣ ህብለ ሰረሰሩን የሚጫን ዕጢ አለበት" አሉ። ከፈቱት። ዕጢው እዚያው ነበር። አወጡት። እግሩን ማንቀሳቀስ ያቃተው ሰው ተነስቶ ሄደ።

ጉዳዩ በነርቭ ቀዶ ጥገና ታሪክ ውስጥ ሁሌ ይነሳል፤ የሚነሳውም "የመጀመሪያው" ስለሆነ ነው። ከህብለ ሰረሰር ሽፋን ሥር ዕጢ በቀዶ ጥገና ወጥቶ በሽተኛው ሲድን በጽሑፍ የተመዘገበው በዚህ ሰው ነው። እኔን ግን የሚይዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ሳያዩት የት እንዳለ እንዴት አወቁ? ደግሞም፣ ትንሽ ስተው ነበር። ያ ስህተት ዛሬም የቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ እንቅልፍ የሚነሳ ስህተት ነው።

ህመሙ

የጀመረው በ1884 ነው። ከግራ ትከሻ አጥንቱ ሥር አመመው። አንዳንድ ጊዜ ይበረታል፣ አንዳንድ ጊዜ ይለዝባል። ቦታው ግን ያው ነው። ዛሬ ትከሻ፣ ነገ ወገብ፣ ከነገ ወዲያ ጉልበት የሚል ህመም አይደለም። ግራ ጀርባ ነው፣ እዚያው ነው።

እኛ ሰፈር ቢሆን "ብርድ መትቶህ ነው" ይባል ነበር። ቅባት ይታሻል፣ ወጌሻ ይጠራል፣ ጀርባው በሙቅ ውሃ ይያዛል። ሎንዶን ውስጥ የሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሐኪም በሐኪም ላይ ተፈራረቀበት። የጎድን አጥንት መሐል የሚያልፈው ነርቭ ታሞ ነው ያለው አለ። የቀሩት ወደ መንፈስ ጭንቀት አዘነበሉ። እዚህ ላይ አብሮ የሚተረክ ነገር አለ። ህመሙ ከመጀመሩ በፊት በሠረገላ አደጋ ሚስቱን አጥቷል፣ እሱም አብሮ ነበር፣ ግን ሳይጎዳ ተርፏል ይባላል። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ጀርባዬን አመመኝ ሲል ምን ይባላል? "ሐዘን ነው፣ አየር ለውጥ" ይባላል። እሱም ተባለ።

በሐኪሞቹ መፍረድ ቀላል ነው። ግን ልብ በሉ፤ ጀርባውን ያመመው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። ከእነሱ መሐል ዕጢ ያለበት በጣም ጥቂቱ ነው። የአከርካሪ ነርቭ ልባስ ዕጢ ከ1 ሚሊዮን ሰው ውስጥ በዓመት 3 ወይም 4 ሰው ላይ ነው የሚገኘው። አንድ ጠቅላላ ሐኪም ዕድሜ ልኩን ሠርቶ አንድም ሳያይ ጡረታ ሊወጣ ይችላል።

ታዲያ የማይዞር ህመም ለምን ይለያል? ነገሩ እንዲህ ነው። ህብለ ሰረሰር ከአንጎል ወርዶ በአከርካሪ አጥንቶቹ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ከግራና ከቀኙ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። ደረት አካባቢ ያሉት ከጀርባ ተነስተው የጎድን አጥንትን ተከትለው ወደ ፊት ይዞራሉ፣ ልክ እንደ መቀነት። ስለዚህ አንዱ ነርቭ ሥሩ ላይ ከተነካ የሚያመው ያቺ አንዲት መቀነት ናት። ሌላ ቦታ ለመሄድ መንገድ የላትም።

እያንዳንዱ ነርቭ ደግሞ ልባስ አለው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ መዳቡ ላይ ላስቲክ እንደሚለብሰው። ልባሱን የሚሠሩት ሴሎች በጀርመናዊው ቴዎዶር ሽዋን ስም የሽዋን ሴሎች ይባላሉ። ከእነሱ የሚያድገው ዕጢ ሽዋኖማ ነው። ኒውሮፋይብሮማ የሚባል ዘመድም አለው። ሽዋኖማ ነርቩ ጎን ላይ ተለጥፎ ያድጋል፤ ኒውሮፋይብሮማ ደግሞ የነርቩን ክሮች ውስጡ አቅፎ ነርቩን ራሱን ያሳብጣል። አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ዕድገታቸውም ዝግ ያለ ነው፣ በዓመት በሚሊሜትር የሚቆጠር።

ችግሩ ቦታው ነው። ሆድ ውስጥ ብርቱካን የሚያክል ነገር ለዓመታት ተደብቆ ሊኖር ይችላል። የደረት አከርካሪ ቱቦ ውስጥ ግን የጣት ጫፍ የሚያክል ነገር ይበቃል። ህብለ ሰረሰሩ ታጋሽ ነው። ቀስ ተብሎ ሲገፋ ቀስ ብሎ ይሸሻል፣ ይሳሳል፣ ይጣመማል፣ ድምፅ አያሰማም። አንድ ቀን መሸሻ ያጣል።

እግሮቹ

ካፒቴኑ መሸሻ ያጣው በ1887 መጀመሪያ ላይ ነው። እግሮቹ ይሰንፉ ጀመር። ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። በሦስት ዓመት ያልሆነው በጥቂት ወራት ሆነ። ሰኔ ሲደርስ ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ነበሩ። ከደረቱ በታች ቆዳውን ቢነኩት አይሰማውም። ሽንቱን መሽናት አልቻለም። እግሮቹ በፈቃዱ አይታዘዙለትም፤ ሳይፈልግ ግን ይኮማተራሉ፣ ግትር ይላሉ፣ ይንዘፈዘፋሉ። የዚያ ሥቃይ ከጀርባው ሥቃይ ጋር ተደምሮ አልጋው ላይ አላስቀምጥ አለው።

ሰር ዊልያም ጄነር ተጠሩ። የክትባቱ ጄነር አይደሉም፣ እኒህኛው የንግሥት ቪክቶሪያ ሐኪም ናቸው። እሳቸውም ዊልያም ጋወርስን አስጠሩ። የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው።

ጋወርስ ዕድሜው ከበሽተኛው ጋር እኩል ነው፣ 42። በሎንዶን ኩዊን ስኩዌር ያለው የነርቭ በሽታዎች ሆስፒታል ሐኪም ነው። ስለ ህብለ ሰረሰር በሽታዎች መጽሐፍ ካወጣ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ልዩ ጠባዩ የአጭር ጽሕፈት ፍቅሩ ነው። በሽተኛው የሚለውን ቃል በቃል፣ በጭረትና በነጥብ፣ እየሰማ ይጽፋል። ሐኪም ሁሉ አጭር ጽሕፈት መማር አለበት ብሎ ይወተውት ነበር፤ ኋላም የአጭር ጽሕፈት ሐኪሞች ማኅበር አቋቋመ። ባልደረቦቹ ይሰለቹት የነበረ ይመስለኛል። ግን እንዲህ ዓይነት ሰው ነው "መጀመሪያ የት አመመህ?" ብሎ ጠይቆ መልሱን እስከ መጨረሻው የሚሰማው።

የጋወርስ አስተሳሰብ ዛሬም የሕክምና ተማሪ ፊት ቢቀርብ ያምራል። ህመሙ ነው የቀደመው፣ ሽባነቱ የተከተለው። መሐላቸው ሦስት ዓመት አለ። ዕጢው ከህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ቢነሳ ኖሮ ከመጀመሪያው እግር ላይ ወይም ስሜት ላይ አንድ ነገር ይታይ ነበር። ለሦስት ዓመት አንዲት ነርቭ ብቻ ካመመች ነገሩ ውጭ ነው፣ ነርቧ ሥር ላይ ነው። በግራ በኩል ነው። ቆይቶ እግሮቹ ሲያዙ ደግሞ ከውጭ ያለው ነገር ወደ ውስጥ መጫን ጀምሯል ማለት ነው። የእግሮቹ መኮማተር ይህንን ያጸናል። ነርቩ ወደ እግር ሲወርድ መንገድ ላይ ቢጎዳ እግር ልል ይሆናል፤ ትእዛዙ ከላይ፣ ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ከተቋረጠ ግን እግር ግትር ይላል፣ ይነዝራል።

ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በዚያ ዘመን ሎንዶን ውስጥ የአከርካሪ ቲቢ ብርቅ አልነበረም። ግን ቲቢ አጥንቱን በልቶ ጀርባን ያጎብጣል። የካፒቴኑ ጀርባ ቀጥ ያለ ነው። የአጥንት ካንሰር? ሦስት ዓመት አይታገስም። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ክፉ ያልሆነ ዕጢ፣ ከህብለ ሰረሰሩ ውጭ፣ ምናልባትም ከሽፋኑ ሥር።

ቦታውን ለማግኘት ደግሞ ቆዳውን ተጠቀመ። ከታች ወደ ላይ እየነካካ መውጣት ነው። አይሰማኝም፣ አይሰማኝም፣ አይሰማኝም፤ እዚህ ጋ ተሰማኝ። ያቺ ድንበር ከደረቱ አጥንት ታችኛው ጫፍ አካባቢ ነበረች። ድንበሯን ወደ ጀርባ ተከትለህ ስትሄድ አንድ አከርካሪ አጥንት ላይ ታደርሳለች። እዚያ ክፈት።

ጋወርስ ቀዳጅ አይደለም። ቪክቶር ሆርስሊን ጠራ።

ሰኔ 9

ሆርስሊ 30 ዓመቱ ነው። በሆስፒታሉ ቀዳጅ ሆኖ ከተሾመ ገና አንድ ዓመቱ። አብዛኛውን የሚያውቀው ከቤተ ሙከራ ነው፤ ዝንጀሮዎች ላይ ለዓመታት የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ሥራ ሲያጠና ቆይቷል። ፈጣን ነው፣ በራሱ የሚተማመን ነው፣ ይህም ለጓደኛ ሊያስቸግር ለበሽተኛ ሊጠቅም የሚችል ጠባይ ነው።

ጊዜውን ለመረዳት ይህን አስቡ። ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ሎንዶን ውስጥ በምርመራ ብቻ ቦታው የታወቀ የአንጎል ዕጢ በቀዶ ጥገና ወጥቷል። በሽተኛው ግን ወር ቆይቶ በኢንፌክሽን ሞተ። አንቲባዮቲክ የለም። ደም መስጠት የለም። ያለው ጀርም የሚገድለው ካርቦሊክ አሲድ፣ ማደንዘዣ እና ንጹሕ እጅ ነው።

ሰኔ 9 ቀን 1887 ሆርስሊ ካፒቴኑን አየ። ያኑ ዕለት ቀዶ ጥገናው ተጀመረ። ረዳቱ ቻርልስ ባላንስ ነበር።

ጀርባው መሐል ላይ ቆዳው ተቀደደ። ጡንቻው ከአጥንቱ ላይ ወደ ግራና ቀኝ ተገፈፈ። ህብለ ሰረሰሩን ከኋላ የሚከድኑት የአጥንት ቅስቶች አንድ በአንድ ተቆርጠው ተነሱ። ከሥሩ ዱራ የሚባለው ጠንካራው ሽፋን ታየ። እሱም ተሰነጠቀ።

ምንም የለም።

ህብለ ሰረሰሩ ነጭ ነው፣ ጤነኛ ይመስላል። ወደ ላይ ጨመሩ። አሁንም የለም። አንድ ሰከንድ እዚያ ክፍል ውስጥ እንቁም። ሰውየው ማደንዘዣ ውስጥ ነው። ጀርባው ተከፍቷል። በሐሳብ ብቻ የተገኘ ዕጢ ነው የሚፈለገው፤ ማንም አላየውም። ከዚህ በላይ በተከፈተ ቁጥር ኢንፌክሽኑም ደሙም ይብሳል። ሐሳቡ የተሳሳተ ቢሆንስ?

ታሪኩን የሚተርኩ ሁሉ እዚህ ላይ ባላንስን ያነሳሉ። አንድ ቅስት ጨምር ብሎ የወተወተው ረዳቱ ነው ይላሉ። ሆርስሊ ጨመረ። ከዚያ በግራ በኩል፣ ህብለ ሰረሰሩን ወደ ጎን ገፍቶ ጎድጓዳ የሠራበት፣ የአልሞንድ ፍሬ ቅርጽ ያለው ዕጢ ታየ። በግራ በኩል፣ ልክ ህመሙ ለሦስት ዓመት ሲጠቁም እንደኖረው። ከህብለ ሰረሰሩ ጋር አልተጣበቀም። ተላቆ ወጣ።

ለምንድን ነው ዕጢው ከተጠበቀው በላይ የተገኘው? ጋወርስ አልተሳሳተም፣ ቆዳው ነው የዋሸው። በ1890ዎቹ ቻርልስ ሼሪንግተን ዝንጀሮዎች ላይ ሠርቶ እንዳሳየው እያንዳንዷን የቆዳ መቀነት የሚያገለግላት አንድ ነርቭ ብቻ አይደለም። የላይኛውና የታችኛው ጎረቤትም ይደርሱላታል። ስለዚህ አንዱ ነርቭ ቢሞት ቆዳው አይደነዝዝም፣ ጎረቤት ይሸፍናል። የመደንዘዙ ድንበር ከእውነተኛው ጉዳት ዝቅ ብሎ ይታያል። በዚያ ላይ የደረት ነርቮች ከህብለ ሰረሰሩ ተነስተው ቁልቁል ተንሸራተው ነው በአጥንቶቹ መሐል የሚወጡት። ሁለቱ ሲደመሩ ከድንበሯ ከፍ ብለህ መክፈት አለብህ። ይህ ዛሬ የመማሪያ መጽሐፍ ነው። ያኔ ግን ሆርስሊ የተማረው በተከፈተ ጀርባ ላይ ነው።

የጀርባው ሥቃይ ወዲያው አልለቀቀውም፤ ለሳምንታት ቆየበት። ከዚያ ስሜቱና እንቅስቃሴው ቀስ በቀስ ይመለስ ጀመር። በዓመቱ ያለ ከዘራ በእግሩ ረጅም መንገድ ይሄድ ነበር። በቀን 16 ሰዓት እንደሚሠራ ለሐኪሞቹ ጻፈላቸው፤ ሥራው ደግሞ ብዙ መቆምና መሄድ ያለበት ነበር።

ሁለቱ ሐኪሞች ጉዳዩን በሰኔ 1888 ለሎንዶን የሐኪሞች ማኅበር በንባብ አቀረቡ። ከጽሑፉ ውስጥ ከራሱ ከካፒቴኑ ታሪክ ይልቅ የሚከብደኝ አባሪው ነው። ከ50 የሚበልጡ ሌሎች የአከርካሪ ዕጢ ጉዳዮችን ከየመጽሔቱ ሰብስበው ደረደሩ። ብዙዎቹ ዕጢዎች የታወቁት አስከሬን ሲመረመር ነው። አብዛኞቹ በቀዶ ጥገና ሊደረስባቸው ይችል ነበር ብለው ተከራከሩ። ያ ሰንጠረዥ የሰው ዝርዝር ነው፤ ከደረት በታች እየደነዘዙ፣ የአልጋ ቁስል እየበላቸው፣ አልጋ ላይ ያለቁ ሰዎች።

ዕጢው ምን ነበር?

እዚህ ላይ ትንሽ ሙግት አለ። ጽሑፉ ዕጢውን "ፋይብሮ-ማይክሶማ" ይለዋል። ፋይብሮ ማለት ክር ክር ያለ፣ ማይክሶ ማለት እንደ ንፍጥ የሚሟልጭ። ዛሬ ይህ ስም ለብቻው ብዙ አይናገርም። ሽዋኖማ ወይም ኒውሮፋይብሮማ ነበር የሚሉ አሉ። አይ፣ ማኒንጂዮማ ነው፣ ማለትም ከህብለ ሰረሰሩ ሽፋን የሚነሳው ዕጢ ነው የሚሉም አሉ። ያኔ እነዚህ ስሞች ገና አልተለዩም። ኦስትሪያ-ሃንጋሪያዊው ቬሮካይ የነርቭ ልባስ ዕጢን ለይቶ ያሳየው በ1910 ነው። ስዊድናዊው አንቶኒ ደግሞ በ1920 ዕጢው ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥጋ እንዳለ ጻፈ፤ አንዱ ጥቅጥቅ ያለ ክር፣ ሌላው ልል፣ ውሃ የቋጠረ።

እንግዲህ ይህ የኔ ግምት ነው። ክርና ንፍጥ ባንድ ዕጢ ውስጥ ተቀላቅሎ ሲገኝ ከአንቶኒ ገለጻ ጋር ይገጥማል። ህመሙም ይገጥማል። ሽዋኖማ ከነርቭ ሥር፣ ብዙ ጊዜ ስሜት ከሚያመጣው ከኋለኛው ሥር ስለሚነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ማሳመም ነው፤ ሦስት ዓመት በአንዲት መቀነት ላይ። ማኒንጂዮማ ደግሞ ደረት አካባቢ የሚወጣው በአብዛኛው ሴቶች ላይ ነው፤ ካፒቴኑ ወንድ ነው። ፍርድ ቤት ቀርቤ የምምልበት ነገር አይደለም፣ ግን ብወራረድ በነርቭ ልባሱ ዕጢ ነው የምወራረድ።

ዛሬ ቢሆን

ካፒቴኑ ዛሬ ቢመጣ መጀመሪያ ልቡ ይታይ ነበር። ግራ ጀርባና ደረት ያመመው የ40 ዓመት ሰው ኢሲጂ ይነሳል፣ ተገቢም ነው። ልቡ ደህና ሲሆን ማስታገሻ ተሰጥቶት ይመለሳል። ሁለተኛ ይመጣል፣ ሦስተኛ ይመጣል። ኤምአርአይ ቢፈለሰፍም ህመሙ እንደማይዞር ልብ የሚል ሰው ካልተገኘ ማሽኑ ጋ የሚልከው የለም። ሐኪሙን ማንቃት ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ቦታው የማይለወጥ መሆኑ፣ እና ሌሊት ሲተኙ የሚብስ መሆኑ። ሠርተህ ስታርፍ የሚሻል የጡንቻ ህመም ነው። ተኝተህ የሚቀሰቅስህ፣ ተቀምጠህ እንድታነጋ የሚያደርግህ ህመም ሌላ ነው።

እግር መስነፍ ከጀመረ ደግሞ ወረፋ አይጠበቅም። ሽንት እምቢ ካለ ያ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ ማን እንደሚሄድና ማን እንደማይሄድ ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው በሽተኛው ቀዳጁ ጋ ሲደርስ የነበረበት ሁኔታ ነው። ካፒቴኑ ሽባ ሆኖ ደርሶ መዳኑ ዕድለኛ ያሰኘዋል።

እኛ አገር እግር ሰነፈ ሲባል ሐኪም ቶሎ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ የአከርካሪ ቲቢ ነው። ማሰቡ ልክ ነው። አደጋው ሳይታይ የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮ ወራት ሲባክኑ ነው። የጋወርስ ጥያቄ እዚህም ያገለግላል፤ አጥንቱ ተበልቷል ወይ? የነርቭ ቀዳጆች ሥልጠና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2006 ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለው ዕጢ አገር ውስጥ የሚወጣ ነገር ሆኗል። ከዚያ በፊት የነበሩት ቀዳጆች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ኤምአርአዩ ላይ ሽዋኖማ ብዙ ጊዜ ድንበሩ የጠራ፣ ክብ ወይም ሞላላ ሆኖ ይታያል። ውሃን በሚያጎላው ምስል ላይ ያበራል። ማቅለሚያ መድኃኒት ሲሰጥ ደግሞ ይበልጥ ይደምቃል። ማኒንጂዮማ ግድግዳው ላይ ሰፋ ብሎ ይለጠፋል። አንዳንዱ ሽዋኖማ ነርቩ በሚወጣበት የአጥንት ቀዳዳ በኩል ሾልኮ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ያድጋል፤ ወገቡ ቀጭን፣ ሁለቱ ጫፎቹ ወፍራም። ያ ከሆነ ቀዶ ጥገናው ይከብዳል፤ የደረት ቀዳጅም ሊጠራ ይችላል። ዕጢዎቹ ብዙ ከሆኑ ወይም በሽተኛው ወጣት ከሆነ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ የሚባለው በዘር የሚመጣ በሽታ ይጠረጠራል። በፍጥነት የሚያድግ፣ ህመሙ በሳምንታት የሚብስ ከሆነ ደግሞ ብርቁና ክፉው ዓይነት፣ ካንሰሩ፣ ሊሆን ይችላል።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ካያችሁት ከሆርስሊው ጋር ይመሳሰላል። በሽተኛው በሆዱ ይተኛል። ቅስቱ ይነሳል፣ ዱራው ይሰነጠቃል። የተለወጠው በማይክሮስኮፕ ሥር መሠራቱ ነው። ሽቦዎች እግሮቹና እጆቹ ላይ ተለጥፈው የህብለ ሰረሰሩን ንግግር ሲያዳምጡ ይቆያሉ። ዕጢው ትልቅ ከሆነ መጀመሪያ ውስጡ በአልትራሳውንድ መምጠጫ ይቦረቦራል። ቅርፊቱ ባዶ ከረጢት ሲሆን ህብለ ሰረሰሩን ሳይጎትቱ ወደ ውጭ ይጠቀልሉታል። ጎትቶ ማውጣት የሚባል ነገር የለም።

ከዚያ አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። ዕጢው የተነሳበትን ነርቭ ምን እናድርገው? ክሩ ብዙ ጊዜ ዕጢው ውስጥ ገብቶ በዕጢው ውስጥ ያልቃል። ካልተቆረጠ ዕጢው ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ካልወጣ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። ደረት ላይ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው፤ ይቆረጣል፣ በሽተኛው ቢበዛ አንዲት የደነዘዘች መቀነት ይዞ ይኖራል። አንገት ወይም ወገብ ላይ ግን ያ ነርቭ እጅ የሚያነሳ ወይም እግር የሚያራምድ ሊሆን ይችላል። ቀዳጁ ክሩን በቀጭን ኤሌክትሪክ ይነካዋል። ጡንቻ ካልተንቀሳቀሰ ይቆርጣል። በ1989 የወጣ አንድ ጥናት እንዲህ ያለ ወሳኝ ነርቭ የተቆረጠባቸውን 31 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። የሚታይ ድክመት ወይም መደንዘዝ የቀረባቸው 7ቱ ብቻ ናቸው። ዕጢው በዝግታ ሲያድግ ነርቩ ቀድሞ ሥራውን ለጎረቤት አስረክቧል ማለት ነው። እንደገና ያው የሼሪንግተን ጉርብትና።

አንድ ነገር ግን ከ1887 ወዲህ ብዙም አልቀለለም። መቁጠር። ኤምአርአዩ ዕጢው አራተኛው የደረት አከርካሪ ላይ ነው ይላል። ጀርባው ላይ ስትቆም ግን አራተኛው የቱ ነው? አንገት ላይ ምልክት አለ፣ ወገብ ላይ ምልክት አለ። መሐል ደረት ላይ 12 አጥንቶች ተመሳስለው ተሰልፈዋል። ትከሻ ራጁን ይጋርደዋል። አንዳንዱ ሰው የጎድን አጥንቱ 11 ጥንድ ነው፣ አንዳንዱ 13። ቀዳጁ ቢላ ከማንሳቱ በፊት በቀዶ ክፍሉ ራጅ ከታች ይቆጥራል፣ ከዚያ ከላይ ይቆጥራል፣ ሁለቱ ካልገጠሙ እንደገና ይጀምራል። አንዳንድ ቦታ ከአንድ ቀን በፊት አጥንቱ ላይ ምልክት የሚሆን ብረት ይተከላል። ሁሉም ተደርጎም ከፍተው ሲያዩ ህብለ ሰረሰሩ ነጭ፣ ጤነኛ ሆኖ የሚገኝበት ቀን አለ። ያን ጊዜ ከጠረጴዛው ማዶ የቆመው ረዳት ወደ ላይ አንድ ጨምር ይላል።

ካፒቴኑ ከቀዶ ጥገናው በኋላ 20 ዓመት ያህል ኖረ። ዕጢው ተመልሶ አልመጣም። የሞተው በሌላ በሽታ ነው።